የፋሲካ ልብስ ያልተገዛበት ዓመት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ! ሁለት ወር ሊሞላ ምንም ያህል ያልቀረውን ጾም ለጨረሳችሁ ደግሞ እንኳን ለመፈሰክ አበቃችሁ።

ትናንት ለልጄ የበዓል ቀሚስ ልገዛላት ወጣን። መለኪያ ክፍል ገብታ ሦስት ቀሚስ ስትለካ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ በርሚንግሃምን አሰብኩ።

አሜሪካ ውስጥ፣ በአላባማዋ በርሚንግሃም፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ጥቁር እናት መሃል ከተማ ካሉት ትልልቅ ሱቆች ልብስ መግዛት ትችላለች። ብሯን ይቀበሏታል። ልጇ ግን ልብሱን ለክታ ማየት አትችልም። ሲርባቸው እዚያው ሱቅ ውስጥ ካለው የምሳ ባንኮኒ አይቀመጡም። የሚጠጡበት የውሃ ቧንቧ እንኳ የተለየ ነው።

የፋሲካ ሰሞን ለነጋዴው ከገና ቀጥሎ ዋናው ገበያ ነበር። ብዙ ጥቁሮች በዚያ ሰሞን «አዲስ ልብስ አንገዛም» አሉ። ልጅን «ዘንድሮ አልገዛልሽም» ማለት ምን ያህል አንጀት እንደሚበላ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ይህን አድልዎ ተቃውሞ ሰልፍ የሚወጣ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ቃል ገብቶ ይፈርም ነበር፦ በእጄም፣ በአንደበቴም፣ በልቤም ሰው አልጎዳም ብሎ። እኔን የሚገርመኝ «በልቤም» የሚለው ነው። እጅን መሰብሰብ ይቻላል። ምላስንም እንደምንም። ውሻ የሚለቅብህን ፖሊስ በልብህ አለመጥላት ግን እንዴት ያለ ጽናት ነው!

የስቅለት ዕለት፣ ኤፕሪል 12፣ ማርቲን ሉተር ኪንግና የትግል ጓደኛው ራልፍ አበርናቲ ሱፋቸውን ትተው እንደ ቀን ሠራተኛ ጂንስ ለብሰው ሰልፍ ወጡ። ታሰሩ። ኪንግ ፋሲካን እስር ቤት ዋለ። ባለቤቱ ኮሬታ አራስ ነበረች፤ አራተኛ ልጃቸው ከተወለደች ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላትም። አራስ ቤት ባዶ ሲሆን ምን እንደሚመስል ለእኛ መንገር አያስፈልግም።

በፋሲካው እሁድ ጥቁሮች ወደ ነጮች አብያተ ክርስቲያናት ለጸሎት ሄዱ። አንዳንዱ አስገባቸው፣ አንዳንዱ ከደጅ መለሳቸው። የዚያ ዓመት ፋሲካ ከእኛ ጋር አንድ ቀን ነበር የዋለው፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1955 ዓ.ም.። የእኛ እናቶች «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲሉ አድረው ገና ከቤተ ክርስቲያን በተመለሱበት ቀን፣ እነሱ የእግዚአብሔር ቤት ደጃፍ ላይ ተከልክለው ቆሙ።

በሜይ ወር ልጆች ሳይቀሩ ሰልፍ ወጡ፤ በውሻና በእሳት አደጋ ውሃ ተበተኑ። ሜይ 10 ላይ የትግሉ መሪዎችና የከተማዋ ነጋዴዎች መስማማታቸው ተነገረ። ከተስማሙባቸው ነገሮች አንዱ የልብስ መለኪያ ክፍል ለሁሉም እንዲከፈት ነው።

ልጄ ቢጫውን ቀሚስ መረጠች። «እማዬ፣ ምነው ዝም አልሽ?» አለችኝ። ነገ ዶሮው ሲቀርብ እነግራታለሁ።

መልካም ፋሲካ!