ጣሪያ የሌለው አዳራሽ፣ ፔዳል የሌለው ፒያኖ

በጎንደር ፋሲል ግቢ ላይ የፒያኖ ሙዚቃ ለመሥራት ስነሳ መጀመሪያ የታየኝ ትልቁ ግንብ ነው፤ የአፄ ፋሲል። አራቱ የማዕዘን ማማዎች፣ እንቁላል የመሰሉት ጉልላቶች። ለዚህማ ከባድ ኮርድ፣ አብረው የሚመቱ ብዙ ድምፆች፣ ነው የሚሆነው አልኩ። ግራ እጄን ወደ ወፍራሞቹ ድምፆች አወረድኩ፣ ድምፁን የሚያስረዝመውን ፔዳል ረገጥኩ፣ ሦስት ሳምንት ለፋሁ። ቀድቼ ስሰማው የየትም አገር ቤተ መንግሥት ሊሆን ይችላል። ጎንደር የለበትም።

ተመልሼ ሄድኩ። ግቢውን የከበበው አጥር 900 ሜትር ገደማ ነው፣ 12 በሮች አሉት። አንዱ አዝማሪ በር ይባላል። ውስጥ ደግሞ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነገሡት አፄ ዳዊት ያሠሩት የዘፈን አዳራሽ አለ። አስቡት፣ ንጉሡ ለዘፈን ብለው ለብቻው አዳራሽ አሠሩ! ዛሬ ጣሪያ የለውም። መሀሉ ላይ ቆሜ አጨበጨብኩ። ድምፁ ያስተጋባል ብዬ ነበር፤ ወደ ሰማይ ወጥቶ ቀረ።

ያን ጊዜ ነው ጥፋቴ የገባኝ። ፔዳሉ ነበር።

የመረጥኩት ቅኝት አንቺሆዬ ነው። ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ይሆናል። ዶና ሬ ፍላት ተጠጋግተው የተቀመጡ ናቸው፤ ፋና ሶል ፍላትም እንደዚያው። ፔዳል ተረግጦ ሲደራረቡ ዜማው ይደፈርሳል። እግሬን ሳነሳ ድምፆቹ አንድ በአንድ ጥርት ብለው ወጡ። እንዲህ ያለ ነገር የምትሞክሩ ካላችሁ፣ ፎቶ ላይ ከማፍጠጣችሁ በፊት ቦታው ሄዳችሁ አጨብጭቡ።

ከሁሉም ያስቸገረኝ ማሲንቆው ነው። የአዝማሪ ጣት ጭራው ላይ ሲንሸራተት የሚያወጣውን ድምፅ ፒያኖ አያገኘውም፤ በሁለት ቁልፎች መካከል ነው ያለው። ከዋናው ኖታ በፊት ጎረቤቱን ብልጭ አድርጌ ነካ ማድረግ ጀመርኩ። ሲበዛ ያታክታል፤ የሐረጉ መጨረሻ ላይ ብቻ ተውኩት።

ምቱ ችክችካ ነው፣ 6/8፤ በአንድ ባር ውስጥ ስድስት ምት ማለት ነው። ሁለት ባር 12 ምት ይሆናል፣ ልክ እንደ በሮቹ። ግራ እጄ አሥራ አንዱን ይመታል፣ አንዷን ባዶ ይተዋል። ቀኝ እጄ ዜማውን ይዞ የሚገባው በዚያች በኩል ነው። አዝማሪ በር ብያታለሁ። ከድሮዎቹ ትላልቅ ኮርዶች የቀሩት አራት ብቻ ናቸው፣ ለአራቱ ማማዎች።