ነሐሴ በፕሮቪንስታውን

ከቦስተን ወደ ፕሮቪንስታውን በመኪናም ይኬዳል። ግን በነሐሴ ከተማዋ ወዳለችበት ልሳነ ምድር፣ ወደ ኬፕ ኮድ፣ የሚያሻግሩት ድልድዮች ላይ ያለውን ሰልፍ የሚያውቅ ሁሉ "በጀልባ ሂዱ" አለን፤ እኛም ሰማን። ፈጣኑ ጀልባ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ደርሶ መልሱ ለአንድ ሰው ከመቶ ዶላር ያልፋል። ገንዘቡ ቢያንገበግበኝም የምንሄድበት የካርኒቫል በዓል ገና ጀልባው ላይ ጀመረ። ከፊታችን የነበሩ ጎልማሶች ለካርኒቫሉ የጎዳና ትርኢት ሰልፍ የሚለብሱትን ክንፍ ይዘው ነበር፤ አንደኛው ላባው እንዳይታጠፍበት መንገዱን ሙሉ ቆሞ ሄደ። ጎኑ የተቀመጡ አንዲት የማያውቃቸው አሮጊት ደግሞ ማዕበሉ ጀልባውን ባናወጠ ቁጥር ክንፉን በእጃቸው ይደግፉለት ነበር።

የሄድነው ለካርኒቫል ሳምንት ነው። ፕሮቪንስታውን በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ዘንድ ስሟ የገነነ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፤ ካርኒቫሉም ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይከበራል (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እኔና ፍቅረኛዬ ሁለታችንም አዲስ አበባ ነው ያደግነው። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢሄዱ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም፤ ጓደኛሞች ናቸው ተብሎ ይታለፋል። እኛ የተመኘነው ምን እንደሆንን ታውቆ እጅ ለእጅ መያያዝን ነው። በአገራችን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ይህን ፍቅር በእስራት ያስቀጣል። ቦስተን ላይ የሚያስቀጣ ሕግ የለም፤ ግን የሀበሻ ሱቅ ደጃፍ ላይ ማን እንደሚያየን አናውቅም፣ ወሬው በማግስቱ ቤተሰብ ጆሮ ይገባል።

ከባሕሩ ላይ መጀመሪያ የሚታየው የፒልግሪም ሐውልት ነው። ከግራናይት የተሠራ፣ 77 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ግንብ ሲሆን በ1910 ፕሬዚዳንት ታፍት ተገኝተው መርቀውታል። በእምነታቸው የተነሳ አገራቸውን ጥለው የተሰደዱት እንግሊዛውያን፣ ፒልግሪሞች የሚባሉት፣ ሜይፍላወር በተባለችው መርከብ መጥተው በኖቬምበር 1620 መጀመሪያ መልሕቅ የጣሉት እዚህ ወደብ ላይ ነበር፤ ወደ ፕሊመዝ የተሻገሩት ከሳምንታት በኋላ ነው። መሬቱ ያኔም ባለቤት ነበረው፣ የዋምፓኖአግ ሕዝብ። ግንቡ ላይ በማግስቱ ወጣን። ጫፉ ላይ ሲደረስ ከተማዋ ባንድ እይታ ታልቃለች፦ ውሃውን ተከትሎ የሚሄድ አንድ ረጅም መንገድ፣ ከጀርባው የአሸዋ ኮረብታ፣ ከዚያ ወዲያ አትላንቲክ።

መንገዱ ኮመርሻል ስትሪት ይባላል፤ ሁሉም ነገር እሱ ላይ ነው። በብርዱ ወራት እዚህ የሚቀሩት ነዋሪዎች 3,600 ቢሆኑ ነው፤ በሙቀቱ ወራት ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይጎርፋል። ከጥንት ጀምሮ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነበረች። ከአዞረስ ደሴቶች የመጡ ፖርቱጋሎች የልጅ ልጆች አሁንም አሉ፤ የእነሱ ዳቦ ቤት የሚጠብሰው ማላሳዳ የሚባል ነገር ስኳሩ ከላይ ተነስንሶበት ትኩስ ሲሰጥ ከሰፈራችን ቦምቦሊኖ አይለይም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሠዓሊዎችና ቴአትረኞች ርካሽ ቤት ፍለጋ መጡ። ሌላ ቦታ ፊት የነሷቸው ሰዎችም እነሱን ተከትለው መጡ።

ርካሽ ቤት ግን ዛሬ ታሪክ ሆኗል። በካርኒቫል ሳምንት አብዛኞቹ የእንግዳ ማረፊያዎች ለአንድና ለሁለት ሌሊት አያከራዩም። ስንት ቦታ ደውለን ያገኘነው ክፍል በፎቶ ላይ መስኮቱ ባሕር ያሳያል፤ ስንደርስ የሰጡን ግን ከአንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ጀርባ ነው። የጭስ ማውጫው ማራገቢያ እስከ እኩለ ሌሊት መስኮታችን ስር አጓራ። እሱ ሲዘጋ ደግሞ የባዶ ጠርሙስ በርሜል የሚገለብጡ ሰዎች መጡ። ማቀዝቀዣ የለም። የባሕር ዳር ሙቀት እርጥብ ስለሆነ አንሶላው ገላ ላይ ይጣበቃል። ፍቅረኛዬ ተኛች፤ እኔ ተነስቼ መስኮቱ ላይ ቆምኩ።

የወጥ ቤቱ የኋላ በር ተከፍቶ አንዲት ሴት ሽርጧን እንደታጠቀች ወጣችና የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አለች። ቀና ብላ አየችኝና "ሲስተር፣ እንቅልፍ እምቢ አለሽ?" አለችኝ። ጃማይካዊት ናት። በየዓመቱ ግንቦት አካባቢ በወቅታዊ ሠራተኛ ቪዛ ትመጣለች፣ ብርዱ ሲጀምር ትመለሳለች፤ የልጆቿን የትምህርት ቤት ክፍያ የምትሸፍነው ከዚህች ወጥ ቤት ነው። ከሌሎች ሦስት ሠራተኞች ጋር አንድ ክፍል ይጋራሉ። ስለ በዓሉ ጠየቅኳት። ጃማይካም እንደኛ አገር ሕጉ ከባድ ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ከሥራ ወደ ማደሪያዋ አንገቷን ደፍታ ትሄድ እንደነበር ነገረችኝ። "አሁንስ?" ስላት "አሁን ስሜን ጠርተው ሰላም የሚሉኝ እነሱ ናቸው" አለች። ገብታ በላስቲክ ከረጢት በረዶ ይዛ መጣችና በመስኮቱ አቀበለችኝ። በፎጣ ጠቅልዬ ከአንገቴ ስር አድርጌ ነው ሊነጋጋ ሲል የተኛሁት።

ስንለቅ ሒሳቡ ላይ ያልተነገረን የጽዳት ክፍያና 40 ዶላር የባሕር ዳርቻ ፎጣ ተጨምሮ መጣ። ፎጣ የሚባል ነገር አልነካንም። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ "በዚህ ሳምንት ሁሉም ይከፍላል" አለ። ፍቅረኛዬ ተይው ብላ ክንዴን ጎተተችኝ። አልተውኩም። የፎጣውን አስነሳሁ፤ የጽዳቱን አልቻልኩም። ያናደደኝ ብሩ ብቻ አልነበረም። የተገፋ ሁሉ መጠጊያ ተብላ በምትወደስ ከተማ ደሞዙ የሚያንስ ወጣት ለአንድ ሌሊት እንኳ ማደሪያ አያገኝም፣ አብስሎ የሚያበላው ሰው አራት ሆኖ አንድ ክፍል ውስጥ ያድራል። ይህን እዚያ ያነጋገርናቸው ነዋሪዎችም ይሉታል፤ ልጆቻቸው ቤት ማግኘት አቅቷቸው እየለቀቁ ነው።

ሰልፉ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። መንገዱ ጠባብ በመሆኑ የተሸለሙት መኪኖች ሲያልፉ ሰው ወደ ግድግዳ ይለጠፋል። ከመኪኖቹ ላይ የዶቃ ሐብል ይወረውራሉ፤ ሕፃናቱ እየተሻሙ አንገታቸው እስኪከብድ ያጠልቃሉ። ድራግ፣ ማለትም ለትርኢት የሚሆን የደመቀ የሴት ልብስ፣ የለበሱ ሁለት ሜትር የሚሆኑ ወንዶች በዚያ ተረከዝ አስፋልቱ ላይ ሲጨፍሩ ማየት ያስደስታል። እኔ ግን ከሰልፉ ይልቅ ከፊታችን ተጣጣፊ ወንበር ዘርግተው የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ላይ ዓይኔ ቀረ። ሁለቱም ከሰማንያ የሚያንሱ አይመስለኝም። አንደኛዋ ምርኩዝ ይዘዋል። ሌላኛዋ ከቦርሳቸው የፀሐይ መከላከያ ቅባት አውጥተው የባለ ምርኩዟን አፍንጫ፣ ከዚያ የጆሮአቸውን ጫፍ፣ ከዚያ ሽበቱ የሳሳበትን መሃል አናት ቀቡ። ባለ ምርኩዟ ዓይናቸውን ከሰልፉ ሳያነሱ ጭንቅላታቸውን ዝቅ አደረጉላቸው። ስንት ዓመት ሲደጋገም የኖረ ነገር መሆኑ ያስታውቃል።

እኔ የኛ ሰው ሲያረጅ አይቼ አላውቅም ነበር። አዲስ አበባ የማውቃቸው ወይ ተሰደዱ፣ ወይ ተገደው አገቡ፣ ወይ ድምፃቸው ጠፋ። ፍቅሬ እስከ የትኛው ዕድሜ እንደሚደርስ በዓይነ ሕሊናዬ የምስለው ነገር አልነበረኝም። እንባዬ መጣ፤ ፍቅረኛዬም አየችና ምንም አላለችም፣ እጄን ጠበቅ አደረገችው። ሴቶቹ ዞር ብለው ሲያዩን ውሃ እንድንይዝ ነገሩን፣ ቦታ ለቀው አስጠጉን። የተጋቡት በ2004 ግንቦት ነው። በአሜሪካ መጀመሪያ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን የፈቀደችው ማሳቹሴትስ ናት፣ ከሜይ 17 ጀምሮ፤ እነሱም በዚያው ሰሞን እዚያው ከተማ አዳራሽ ሄደው ፈረሙ። "ያን ጊዜ አብረን ከኖርን ቆይተን ነበር፤ ወረቀቱ የሆስፒታል በር እንዳይዘጋብን ነው" አሉ ባለ ምርኩዟ።

ሰልፉ ሊያልቅ ሲል ከኋላችን "ነይ ወዲህ፣ ትጠፊያለሽ!" የሚል አማርኛ ሰማሁ። እጄ ሳላዘው ከፍቅረኛዬ እጅ ወጣ፤ የእሷም እንደዚያው። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር ናቸው። ዓሣ ነባሪ በጀልባ ለማየት መጥተው ሰልፉ መንገድ ዘግቶባቸዋል። እናትየዋ "ሀበሻ ናችሁ አይደል?" አሉ። ሰላም ተባባልን፣ ከየት ናችሁ ተባባልን። "ለሽርሽር ነው የመጣችሁት?" አሉ። ፍቅረኛዬ ከኔ ትደፍራለች፤ "ለበዓሉ ነው" አለቻቸው። ባልየው ፊቱን ወደ ልጆቹ አዞረ። እናትየዋ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ከልጃቸው ጋሪ ስር ሁለት ጠርሙስ ውሃ አውጥተው "ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፣ ጠጡ እንጂ ልጆቼ" ብለው ሰጡንና ሄዱ። ምን አስበው እንደሄዱ አላውቅም። ውሃውን ጠጣን፤ እጃችንንም መልሰን ያዝን።

በየቀኑ በሙቀቱ ወራት ቦትስሊፕ በሚባለው ሆቴል ባሕሩ ላይ በተዘረጋው የእንጨት መድረክ "ቲ ዳንስ" አለ፤ በኛ ሰዓት ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 1። ይህን ልማድ በጣም ወደድኩት። ሌሊት የሚጀምር ጭፈራ አይሆንልኝም፤ እዚህ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨፍረህ፣ ላብህን የባሕር ነፋስ አድርቆልህ፣ ለራት ትደርሳለህ። ወጣቶቹ በኋላ ወደ ሌላው ይሄዳሉ፤ መጠጥ ቤቶቹ ሲዘጉ ደግሞ ስፒሪተስ ፒዛ በር ላይ መንገዱን ሞልተው ይበላሉ። ያንን ያየነው ስናልፍ ነው።

ከመመለሳችን በፊት ከከተማው አዳራሽ ጎን ያለውን የኤድስ መታሰቢያ ሄደን አየን። በ2018 የተመረቀ ነው፤ ላዩ የባሕር ሞገድ እንዲመስል የተፈለፈለ ትልቅ ድንጋይ። እጄን አሳረፍኩበት፣ ሞገዱ በመዳፍ ይታወቃል። በሽታው በጀመረበት ዘመን ቤተሰብ የጣላቸው ብዙ ወጣት ወንዶች ወደዚህች ከተማ መጥተው ነበር፤ ነዋሪው በ1983 የድጋፍ ማኅበር አቋቁሞ ምግብ እያበሰለ ያበላ፣ ሐኪም ለማሳየት ቦስተን ድረስ በመኪና ያመላልስ ነበር። እነዚያ ሁለት ሴቶችም ከነጂዎቹ መሃል ነበሩ። በኛ ሰፈር በ1990ዎቹ ሰው ሲሞት "ሳንባ ነው" ይባል ነበር፤ ለቅሶ ላይ ማንም የበሽታውን ስም አይጠራም። ጎረቤታችን የነበረ ልጅ እንደዚያ ተቀብሮ እናቱ ብቻዋን ስትቀር አስታውሳለሁ። እዚህ ድንጋይ ፊት ለፊት ሰው በግልጽ ቆሞ ያለቅሳል፤ እኔም ለሱ አለቀስኩ።

ካርኒቫሉ ጩኸት የሚበዛበት ሰው ሌላ ወቅት ይምረጥ። ጁን ላይ ፕራይድ የሚባለው የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች የኩራት በዓል አለ። ጁላይ መጨረሻ አካባቢ የቤተሰብ ሳምንት ነው፤ ሁለት እናት ወይም ሁለት አባት ያላቸው ልጆች ከተማዋን ይሞሏታል፣ አሮጊቶቹ "ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው" ብለውናል። ኦክቶበር ላይ በ1984 የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት የሆኑ ሴቶች የጀመሩት የሴቶች ሳምንት አለ፤ በዚያው ወር የትራንስ ሰዎች (ሲወለዱ ከተባሉት ጾታ ሌላ የሆኑ) ሳምንትም ይከበራል፣ እሱ ከ1975 ጀምሮ ያለ ነው። ዲሴምበር ላይ በብርዱም በዓል አያጡም።

እኛ ለኦክቶበር አስይዘናል። ዋጋው ከነሐሴው በጣም ይቀንሳል፣ ያነጋገርኳት ባለቤትም ፎጣ በነጻ እንደሆነ በጽሑፍ ልካልኛለች። ከቦስተንም ሆነ ከዲሲ ብቻዋን መሄድ የምትፈራ እህት ካለች ክፍሉ ሦስተኛ አልጋ አለው።