በሐንክ ጁኒየር መንገድ፦ ከናሽቪል እስከ ሞንትጎመሪ

ናሽቪል መሀል ከተማ መኪና ለማቆም 43 ዶላር ወሰዱብኝ። ሰሌዳው ላይ በትልቁ «12» ተጽፏል። ከሥሩ የጉንዳን ዓይን በሚያህል ፊደል «ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት» ይላል። ስወጣ ማሽኑ ካርዴን ዋጠ፣ ደረሰኝ ተፋ፣ አለቀ። የሚጨቃጨቁት ሰው እንኳ የለም። እኔ ደግሞ ሳልጨቃጨቅ የከፈልኩት ገንዘብ ሰንብቶም ያንገበግበኛል።

ናሽቪል የወሰደኝ የጓደኛዬ ልጅ ክርስትና ነው። ስለ ድግሱ ብዙ አልልም። ዶሮው ጥሩ ነበር፤ ዘፈኑ ከልክ በላይ ይጮህ ነበር። በማግስቱ መኪና ተከራይቼ አላባማ ልሄድ ነው ስል የጓደኛዬ እናት ደነገጡ።

«ልጄ፣ እዚያ ማን አለህ?»

«ማንም የለኝም እማማ። የአንድ ዘፋኝ መኪና ለማየት ነው።»

«ልትገዛው?»

«አይ፣ አይቼው ልመለስ።»

ትንሽ ዝም አሉና ድፎ ዳቦ በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ። ከዚያ በላይ ምንም አልጠየቁኝም።

ዘፋኙ ሐንክ ዊሊያምስ ጁኒየር ነው። አዲስ አበባ ላደግን ሰዎች ካንትሪ ማለት ኬኒ ሮጀርስ፣ ዶን ዊሊያምስና ጂም ሪቭስ ናቸው። ሐንክ የሚባለውን እኔ የሰማሁት ቨርጂኒያ ከመጣሁ በኋላ ነው። መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ስሠራ ፎርክሊፍት የሚነዳ አንድ ሽማግሌ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። እስኪነጋ ሁለቱን ሐንኮች፣ አባትየውን ሐንክ ዊሊያምስንና ልጁን ጁኒየርን፣ እያፈራረቀ ያስደምጠን ነበር። አባትየው ወዲያው ገባኝ፤ ያ ድምፅ ቋንቋ ባትችልም ሆድህን ያባባዋል። ልጁ ግን ጩኸት ብቻ መስሎኝ ነበር። የወደድኩት ታሪኩን ካወቅሁ በኋላ ነው።

ናሽቪል የሚገኘው የካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ መግቢያው ወደ 30 ዶላር ነው፤ አልቆጨኝም። መጨረሻ ላይ ክብ አዳራሽ አለ። ለክብሩ የበቁት ሁሉ የነሐስ ሰሌዳ በግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አባትየው በ1961 ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ልጁ የተመረጠው በ2020 ነው። በሁለቱ መካከል 59 ዓመት አለ። ከአንዱ ሰሌዳ ወደ ሌላው ስመላለስ ጥበቃው ዓይኑን አልነቀለብኝም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አባትየው የሞተው በ1953 የመጀመሪያ ቀን፣ ወደ ዝግጅት ሲሄድ፣ መኪናው የኋላ ወንበር ላይ ነው። 29 ዓመቱ ነበር። ልጁ ገና ሦስት ዓመቱ። እናቱ ኦድሪ በ8 ዓመቱ መድረክ ላይ አወጣችው። ኮቱ የአባቱ ዓይነት፣ ዘፈኑ የአባቱ፣ በሁለቱ ዘፈኖች መሀል የሚወራው ወሬ ሳይቀር የአባቱ። በ11 ዓመቱ ግራንድ ኦል ኦፕሪ በሚባለው በናሽቪል ዝነኛ የካንትሪ መድረክ ላይ ዘፈነ። በ14 ዓመቱ የአባቱን ዘፈን አስቀርጾ ገበያው ተቀበለው። በ1964 ስለ አባቱ ፊልም ሲሠራም ዘፈኖቹን የዘፈነው ይኸው ልጅ ነው። ሕዝቡ ያለቅስ ነበር ይባላል። ለልጁ ግን አልነበረም የሚያለቅሰው።

ቤታቸው ደግሞ የሙዚቀኛ መናኸሪያ ነበር። ፒያኖ ያሳዩት ጄሪ ሊ ልዊስና ፋትስ ዶሚኖ ናቸው፤ ባንጆ ኧርል ስክራግስ። እንዲህ ዓይነት አስተማሪ ያገኘ ልጅ የሟች አባቱን ብቻ ዝፈን ሲባል ምን ሊሰማው እንደሚችል አስቡት። በ1966 ስለ ራሱ አንድ ዘፈን ጻፈ፤ ዝነኛ ሰው ጥላ ሥር ስለ መቆም ነው። ያኔ ገና አሥራዎቹ ውስጥ ነበር።

ወደ ጉዞው ልመለስ። ከናሽቪል ወደ ደቡብ የሚወስደው 65 ቁጥር ሃይዌይ ዛፍና ቢልቦርድ ነው። አንዱ ቢልቦርድ ኢየሱስ ያድናል ይላል፣ ቀጣዩ የመኪና አደጋ ጠበቃ ነው። አላባማ እንደገባሁ ወደ ምዕራብ ታጥፌ ሸፊልድ ወደምትባል ከተማ ሄድኩ። መስል ሾልስ ሳውንድ ስቱዲዮን ለማየት ነው።

ከመንገድ ሲያዩት ምንም አይደለም። 3614 ጃክሰን ሃይዌይ የሚል ቁጥር ያለበት ትንሽ ቤት ነው። ስቱዲዮ ከመሆኑ በፊት የሬሳ ሣጥን ቤት ነበር። በ1969 የሮክ ባንዱ ሮሊንግ ስቶንስ እዚህ መጥተው ቀርጸዋል፤ አስጎብኚውም ብዙውን ጊዜ በእነሱ ወሬ ጨረሰው። እኔ እጄን አውጥቼ ስለ ሐንክ ጁኒየር ስጠይቅ መጀመሪያ አየኝ። ከዚያ «አንተ?» የሚል ፈገግታ ፊቱ ላይ መጣ። እንደሱ ያለ ጥያቄ ከጥቁር ሰው አልጠበቀም መሰለኝ። አልተቀየምኩም፤ እንዲያውም ከዚያ በኋላ ለኔ ብቻ ነበር የሚያወራው። ሌሎቹ ጎብኚዎች ቀንተውብኝ ሊሆን ይችላል። ከበሮው የሚቀመጥበትን ጥግ፣ ቀራጩ ከመስታወት ጀርባ የሚቀመጥበትን ክፍል አሳየኝ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ግድግዳው ድምፅ እንዳያስተጋባ ተለብጧል። ለብቻህ ብታንሾካሹክ ጆሮህ ውስጥ ይቀራል።

የዚህ አካባቢ ነገር ትልቅ ነው። በ1974 ጁኒየር መጠጡም፣ መድኃኒቱም፣ የትዳሩ መፍረስም ተደራርበውበት ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ተረፈ። ከናሽቪል ጠቅልሎ ወጥቶ አላባማ ውስጥ ከልማን ወደምትባል ከተማ ገባ። ከዚያም ወደ መስል ሾልስ መጥቶ ከሙዚቀኞቹ ከቻርሊ ዳንየልስ፣ ከቶይ ካልድዌልና ከቸክ ሌቨል ጋር አዲስ አልበም ቀረጸ። ካንትሪው፣ ሮኩና ብሉዙ አንድ ላይ ተቀላቅለው የወጣበት ነው። የአባቱ ድምፅ የለበትም። በ26 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ድምፅ ይዞ ወጣ ማለት ነው።

አልበሙ ገበያ ሳይወጣ ሌላ መዓት መጣ። ኦገስት 8 ቀን 1975 በአይዳሆና በሞንታና ድንበር ላይ ተራራ ሲወጣ በረዶው ከእግሩ ሥር ከዳው። 150 ሜትር ገደማ ወደቀ። ፊቱና የራስ ቅሉ ተሰባበረ። ብዙ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ መናገርም መዝፈንም እንደገና ተማረ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ እናቱም ሞተች። ዛሬ የሚታወቅበት ጢም፣ ጥቁር መነጽርና ባርኔጣ የመጣው ጠባሳውን ለመሸፈን ነው። አባቱን እንዲመስል አርባ ጊዜ የተቀባ ፊት ከዚያ በኋላ ማንንም አልመሰለም።

ከልማን ያደርኩባት ሌሊት ግን አትነሳ። ሞቴሉ ሲጋራ የማይጨስበት ክፍል ብሎ የሰጠኝ ክፍል መጋረጃው ራሱ ያጨስ ነበር። ኤሲው ይንጠባጠባል። ስዘጋው ሙቀቱ አይቻልም፤ ስከፍተው ሄሊኮፕተር ክፍሌ ውስጥ ያረፈ ይመስላል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ክፍል ቀይሩልኝ ልል ወርጄ ተረኛው «ነገ ማኔጀሩን አናግር» አለኝ። ጠዋት ማኔጀሩ የለም፤ ቢሉ ላይ ግን «የአገልግሎት» የሚል 15 ዶላር ተጨምሯል። ምን አገልግሎት? ቁርሴ የእማማ ድፎ ዳቦ ሆነ። ከሞቴሉ የወሰድኩት ቡና ብቻ ነው፤ ቡና ካሉት።

ከበርሚንግሃም በፊት የመኪናዋ የጎማ መብራት በራ። ነዳጅ ማደያ ገብቼ የአየር ማሽኑ ሳንቲም ብቻ ነው የሚቀበለው። ሳንቲም የለኝም። ከጎኔ የቆመ ፒካፕ ውስጥ የነበሩ አንዲት አሮጊት ወርደው የራሳቸውን ሳንቲም አስገቡ። ጎማውንም ራሳቸው ካልነፋሁ አሉ። የት ልትሄድ ነው አሉኝ፤ ነገርኳቸው። ስለ አባትየው ሲሰሙ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ስለ ልጁ ስነግራቸው ደግሞ ሳቁ፤ በወጣትነታቸው ባለቤታቸው በሱ ዘፈን ያሳብዳቸው ነበር አሉ። ከመኪናቸው ትኩስ ቅቅል ለውዝ በስታይሮፎም ብርጭቆ አውጥተው ሰጡኝ። ለውዝ ይቀቀላል? ቆሎ ተቆልቶ ካልተንኮሻኮሸ ምኑን ቆሎ ሆነ! ልፋ ያለኝ ሆኖ ሞንትጎመሪ እስክደርስ ብርጭቆውን ጨረስኩት።

ሞንትጎመሪ የሐንክ ዊሊያምስ ሙዚየም ኮመርስ ስትሪት ላይ ነው። ከናሽቪሉ ይረክሳል፣ ትንሽም ነው፣ ሰውም የለበትም። መኪናዋ እዚያ አለች። የ1952 ካዲላክ ናት፤ ቀለሟ ቀለል ያለ ሰማያዊ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት። አባትየው የሞተው በዚህች የኋላ ወንበር ላይ ነው። እኔን ያስደነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ጁኒየር በወጣትነቱ ይህችኑ መኪና ይነዳት ነበር። አባትህ የሞተባትን መኪና ይዘህ ትምህርት ቤት መሄድ! ቤተሰቤ ውስጥ ቢሆን መኪናዋ በሳምንቱ ተሸጣ ነበር፤ ስሟንም የሚያነሳ አይኖርም። እሱ ግን ነዳት፣ አደገባት፣ በኋላም ሰው እንዲያያት ለሙዚየሙ በውሰት ሰጠ። አባቱን ጣለ የሚሉት ሰዎች እዚህ መጥተው ይዩ። የጣለው የአባቱን ኮት ነው።

በ1979 የወጣው «ፋሚሊ ትራዲሽን» የሚለው ዘፈኑ ነገሩን በሳቅ ጨረሰው። ለምን ትጠጣለህ፣ ለምን ታጨሳለህ ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ የቤት ወግ ነው ዓይነት ነው። ከዚያ በኋላ ማን ቻለው። በ1982 ዘጠኝ አልበሞቹ በአንድ ጊዜ ቢልቦርድ የሚባለው የሙዚቃ መጽሔት የሽያጭ ዝርዝር ላይ ነበሩ። በ1987ና በ1988 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ ምርጥ አቅራቢ አለው። ራሱን ከቻለ በኋላ ደግሞ፣ በ1989፣ አባቱ ጊታር ይዞ ብቻውን ከቀረጸው አሮጌ ቅጂ ጋር አብሮ ዘፈነና ግራሚ ወሰዱ። ይሄ ግን በፍላጎቱ ነው፤ ማንም ኮት አላለበሰውም።

አሁን መራራውን ልናገር። ከሙዚየሙ ብዙም ሳይርቅ ያለ ፍርድ የተገደሉ ጥቁሮች መታሰቢያ አለ። በ2018 ነው የተከፈተው። ከ800 በላይ የብረት ምሰሶዎች ከጣሪያ ተንጠልጥለዋል፤ እያንዳንዱ የአንድ አውራጃ ነው፤ ስሞች ተቀርጸውበታል። መጀመሪያ በዓይንህ ትክክል ናቸው። እየሄድክ ወለሉ ይወርዳል፣ እነሱ ከራስህ በላይ ይቀራሉ። እዚያ ቆሜ የጁኒየር አንድ የ1988 ዘፈን ትዝ አለኝ፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባርነትን የደገፈው ደቡብ አሸንፎ ቢሆን ኖሮ እያለ የሚመኝ። ያንን ዘፈን አልሰማም። በ2011 ስለ ኦባማ በተናገረው ነገር የሰኞ ማታ ፉትቦል የቴሌቪዥን ስርጭት መክፈቻ ዘፈኑን ለዓመታት አጥቷል፤ እሰየው ነው ያልኩት። ሰውየውን ለመውደድ ሁሉንም መዋጥ የለብኝም።

ደግሞ አባትየውን ጊታር ያስተማረው ጥቁር ሰው ነው። ሩፈስ ፔይን ይባላል፤ ቲ ቶት ነው ቅጽል ስሙ። አላባማ ውስጥ ግሪንቪል በምትባል ከተማ መንገድ ላይ እየተጫወተ የሚኖር ሙዚቀኛ ነበር። አባትየው የሙዚቃ ትምህርቴን ያገኘሁት ከእሱ ነው ብሎ መስክሯል። በ1939 ሞንትጎመሪ ውስጥ በድህነት ሞተ። ጁኒየርም ስለ እሱ ዘፈን ሠርቷል። የዚህ ሁሉ ዝና ሥር ያ የመንገድ ሰው ነው፤ መቃብሩ ግን የአባትና የእናት ከፍ ያለ እብነ በረድ ከቆመበት ከኦክውድ መካነ መቃብር በጣም ይለያል። ሐንክና ኦድሪ ጎን ለጎን ናቸው፤ ዙሪያው ሰው ሠራሽ ሣር ለብሷል። ጎብኚ የጊታር መምቻና ቢራ ትቶ ይሄዳል። እኔ ያየሁት ቢራ ግማሹ ተጠጥቷል።

ወደ ናሽቪል ስመለስ አራት ሰዓት ተኩል ነዳሁ፤ ዝናብ ነበር።

መንገድ ላይ የጁኒየርን ልጅ ሐንክ ሦስተኛውን ሰማሁ። እሱም አያቱን ቁርጥ ነው፤ መልኩም ድምፁም። በ1996 የሦስቱን ሐንኮች ድምፅ ቀላቅለው አልበም አወጡ። ሐንክ ሦስተኛው ግን ልቡ ፓንክ በሚባለው ጩኸታም ሮክ ላይ ነበር፤ የራሱን ሥራ ግማሹን ካንትሪ ግማሹን ጩኸት አድርጎ ሠራው። ጓደኛዬ ይህን ስነግረው «እነዚህ ሰዎች ስም እንጂ ሌላ ውርስ የላቸውም እንዴ?» አለኝ። የዘፈኖቹ ሮያሊቲ ስንት እንደሆነ ስገምትለት ሐሳቡን ቀየረ።

ጁኒየርን መስማት የምትጀምሩ ካላችሁ የ60ዎቹን ዝለሉ፤ እነዚያ የአባቱ ናቸው። ከ1975ቱ የመስል ሾልስ አልበም ጀምሩ፤ ከዚያ የ1979ኙን አድርጉ። ናሽቪል ከሄዳችሁ ደግሞ መኪናችሁን ከወንዙ ማዶ አቁማችሁ በእግረኞች ድልድይ ተሻገሩ። ጓደኛዬ ይህን የነገረኝ ደረሰኙን ካሳየሁት በኋላ ነው።