በእማዬ ስልክ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጊዮርጊስ አካባቢ ዝናቡ እስኪያባራ ቡና ይዤ ተቀምጬ ሳለ፣ ከየት እንደመጣ ያላወቅሁት ትካዜ ተጫነኝ። ስለ ክረምቱ ልጽፍ ነበር የጀመርሁት፤ ነገር ግን ቦርሳዬ ውስጥ ያለው የታክስ ውሳኔ ማስታወቂያ ሐሳቤን ይዞት ሄደ።

በቴሌግራም ከምሸጠው ጫማና ቦርሳ በባንክ ሒሳቤ የገባውን ሁሉ መዝግቤ አሳውቄ ነበር። ሳላሳውቅ የቀረው ኔትወርክ ሲያስቸግረኝ በእማዬ ቴሌብር የተቀበልሁት ነው። መልእክት በገባ ቁጥር መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኩን ከዓይኗ አርቃ፣ የብሩን መጠን ጮክ ብላ ታነብልኝ ነበር፤ እኔም «እሺ እማዬ» እያልሁ ካርቶን ማሸጌን እቀጥላለሁ።

ሒሳብ የምትሠራልኝ ልጅ እንዳስረዳችኝ፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ታክሱን አሳንሶ ያስታወቀን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎደለው ታክስ 10 በመቶ፣ ለሁለተኛ ጊዜ 30 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ 40 በመቶ ይቀጣዋል። በወቅቱ ላልተከፈለው ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ለሚቀጥለው ለእያንዳንዱ ወር 2 በመቶ ይታከላል፤ ወለዱም ለብቻው ይታሰባል። ገንዘቡ አላመመኝም አልልም። ይበልጥ የከነከነኝ ግን ከ10 ወደ 30 የሚዘለው ቁጥር ነው፤ ሕጉ የመጀመሪያውን ዘንግታው ይሆናል ብሎ በቀላሉ ያለፈልኝ፣ ሁለተኛውን ግን መዘንጋት ነው ብሎ የማይቀበለኝ መሰለኝ።

እውነት ዘንግቼው ነበር? ስልኩ የእማዬ ይሁን እንጂ ገንዘቡ የማን እንደሆነ አንድም ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም፤ ዕቃ ያስመጣሁት በዚያው ገንዘብ ነው። ለአቅራቢ ስከፍል የማስታውሰውን ገንዘብ፣ የዓመቱን ሽያጭ ስደምር ብቻ እንዴት ረሳሁት?

ማታ ቤት ገብቼ የካቻምናውን ደብተር አወጣሁ። በጥቅምት ገጽ ኅዳግ ላይ፣ በእርሳስ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ «በእማዬ» የሚል አራት ቦታ አገኘሁ፤ ከድምሩ ውስጥ ግን አንዱም የለም። ስለዚያ ዓመት እስካሁን የጠየቀኝ የለም። እማዬ ከመኝታ ቤት «አትተኚም እንዴ?» እያለች ትጣራለች፤ እኔ ደብተሩን እንደከፈትሁ ተቀምጫለሁ። ነገ ጠዋት ይዤው ልሂድ፣ ወይስ እስክጠየቅ ልጠብቅ?