ጆሮ ጠቢ፣ ፎቶንና የጣርማ በር ጉም

በስልክ የምናወራው ሁሉ አየር ላይ እንደሚሄድ ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። እህቴ ከደብረ ሲና ደውላ የምርመራ ውጤቷን ስትነግረኝ ጎረቤት እንዳይሰማት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር። ሞገዱ ግን እሷ ዝቅ ስላለች አይደበቅም። መሣሪያው ያለው ሰው ከአየር ላይ ይቀዳዋል። የሚከልለን ምስጠራው ብቻ ነው።

ምስጠራው ደግሞ የቆመው በከባድ ሂሳብ ላይ ነው። በጥቃቅን ቅንጣቶች ሕግ የሚሠራ፣ በቂ አቅም ያለው ኳንተም ኮምፒውተር ከተገኘ ዛሬ ቁልፍ፣ ማለትም መልእክቱን የሚቆልፈውንና የሚከፍተውን ሚስጥራዊ ቁጥር፣ የምንለዋወጥበትን ሂሳብ እንደሚፈታው የሂሳብ ሊቁ ፒተር ሾር በ1994 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። ኮምፒውተሩ ገና አልደረሰም። ቢሆንም ዛሬ የተቀዳውን አስቀምጦ ያን ቀን መጠበቅ ይቻላል፤ የሰው ሕመም ደግሞ ከሃያ ዓመት በኋላም ገመናው ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ለዚህ ነው ሳይንቲስቶቹ ቤኔትና ብራሳርድ በ1984 እ.ኤ.አ. ያመጡት የኳንተም ቁልፍ ልውውጥ ሐሳብ ልቤን የወሰደው። ቁልፉን የሚልኩት በነጠላ የብርሃን ቅንጣት፣ በፎቶን ነው። ላኪው እያንዳንዱን ፎቶን ወይ ቀጥ፣ ወይ አግድም፣ ወይ ከሁለቱ ሰያፍ አቅጣጫዎች በአንዱ አድርጎ ይለቀዋል። ተቀባዩ መለኪያውን በዘፈቀደ እየመረጠ ይለካል። ከዚያ በግልጽ መስመር ተነጋግረው ምርጫቸው የገጠመበትን ብቻ ያስቀራሉ። መሃል የገባ ጆሮ ጠቢ ፎቶኑን ሁለት አድርጎ ማባዛት አይችልም፤ የተፈጥሮ ሕግ አይፈቅድለትም። የግድ መለካት አለበት፣ ሲለካ ደግሞ ያበላሸዋል። ሁሉንም እየያዘ እየለካ ቢያሳልፍ ከቀረው ውስጥ ሩብ ያህሉ ስህተት ይሆናል። ሁለቱ ጥቂቱን ሲያመሳክሩ ይነቁበታል፣ ቁልፉንም ይጥሉታል። መልእክቱ እኮ ገና አልተላከም! ሌባው እጁ የገባው ትርጉም የሌለው የዜሮና የአንድ ድርድር ብቻ ነው። ቁልፉ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ዳታው በዚያ ተመስጥሮ በተለመደው ፈጣን ሬዲዮ ይሄዳል።

በአየርም ተሞክሮ ሠርቷል። ቻይና በ2016 እ.ኤ.አ. ያመጠቀችው ሚሲየስ ሳተላይት እስከ 1,200 ኪሎ ሜትር ከሚደርስ ርቀት ቁልፍ ወደ ምድር ልኳል።

ግን ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ ያለውን ጣርማ በርን አስቡት። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ መኪናው ሁሉ በቀን መብራት አብርቶ ይንፏቀቃል፤ ከፊት ያለው አይሱዙ የሚታወቀው በኋላ መብራቱ ብቻ ነው። ፎቶኖቹን የሚልከው የሌዘር ብርሃን እዚህ ሲደርስ የጉሙ ጠብታዎች ይበትኑታል። የደከመውን ፎቶን አጉልቶ ማሻገርም አይሆንም፣ ማጉላት ያው ማባዛት ነውና። ጆሮ ጠቢውን የከለከለው ሕግ እኛንም ይከለክለናል። መሃል ላይ ማቀበያ ጣቢያ ቢቆም ደግሞ ቁልፉ እዚያ ይገለጣል፣ ስለዚህ የጣቢያው ሰዎች የሚታመኑ መሆን አለባቸው።

እኔ እንደሚመስለኝ ለእጅ ስልካችን አዲሱ ሂሳብ ይቅደም። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት ኳንተም ኮምፒውተርን ይቋቋማሉ የተባሉ የምስጠራ ደረጃዎችን በ2024 እ.ኤ.አ. አውጥቷል፤ እነሱን ለማስገባት ሌዘርም ሳተላይትም አያስፈልግም። በፎቶን ቁልፍ የሚልከው የኳንተሙ ዘዴ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ላለው ዋና መስመር ይሁን፣ ያውም ብርሃን በሚያስተላልፈው የመስታወት ክር፣ በፋይበር። ርቀቱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚህ የራቀም በፋይበር ተሞክሮ ሠርቷል። የሆስፒታሉም የባንኩም ዳታ ተጠራቅሞ የሚያልፈው በእንዲህ ዓይነት መስመር ስለሆነ ከዚያ ቢጀመር ደስ ይለኛል።