ከሰሉ እስኪያያዝ

ጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን ቡና እየቀዳሁ ነበር። አንድ ደንበኛዬ ከስልኩ ላይ ጮክ ብሎ አነበበው። ከተፈተኑት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ እንኳ አይሞሉም፤ 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው። እኔ ያን ጊዜ የ11ኛ ክፍል የማታ ተማሪ ነበርኩ። ዕድሜዬ 36፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ሥራዬ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ጀበና ቡና አፍልቶ መሸጥ። በዚያው ሳምንት ክፍላችን ውስጥ ብዙ ወንበሮች ባዶ ሆኑ። የቀሩትን አልፈርድባቸውም። እኔ ያልቀረሁት ከእነሱ የበለጠ ወኔ ስለነበረኝ አይደለም፤ ወኔዬ ከሁለት ዓመት በፊት አልቆ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ስመዘገብ ካርቶን ላይ ፕሮግራም ጽፌ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ነበር። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ጥናት፣ እሑድ ደግሞ ሙሉ ቀን። ዐሥራ አንድ ቀን ጠበቅኩት። በዐሥራ ሁለተኛው ትንሹ ልጄ አተኮሰው፤ በማግስቱ ደከመኝ፤ ከዚያ በኋላ ካርቶኑን ባየሁት ቁጥር ዕዳ የጠየቀኝ ይመስለኝ ጀመር። አንድ ቀን ማለዳ አውርጄ ይዤው ሄድኩና ከሰል ለማያያዣ ቀደድኩት።

ካርቶኑ ሲነድ እያየሁ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ከሰል በችኮላ አይያያዝም። ጭራሮውን ከሥር፣ ከሰሉን ከላይ አድርጌ ክብሪት ከጫርኩ በኋላ ፍም እስኪሆን ሃያ ደቂቃ ያህል አጠገቡ ተቀምጬ ማራገብ አለብኝ። ቀኝ እጄ ያራግባል፤ ዓይኔና ግራ እጄ ግን ሥራ ፈት ናቸው። በማግስቱ ደብተሬን በርጩማ ላይ ዘርግቼ ነፋስ እንዳይገልጠው ሁለት ሲኒ ጫንኩበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ዛሬ ላጥና ወይስ ልተወው» የሚል ክርክር ከራሴ ጋር አልገጠምኩም። ከሰሉ ካልተያያዘ ቡና የለም፤ ቡና ከሌለ የቤት ኪራይ የለም። ጥናቱን ከማይቀር ነገር ጋር አሠርኩት።

ማታ ደብተሩን ከመዝጋቴ በፊት የነገውን ጥያቄ ጽፌ እስከ መሀሉ ድረስ እሠራና አቆማለሁ። ማለዳ ባዶ ገጽ ሲጠብቀኝ እጄ ይከብዳል፤ ጅምር ስሌት ሲጠብቀኝ ግን እንቅልፌ ሳይለቀኝ እንኳ ወደ እሱ ይሄዳል። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ እንደሚሄድ ስሰማ ነው ያደግኩት። ዶሮዋ በየቀኑ ካልታቀፈችው እንደሚበላሽ ግን የነገረኝ አልነበረም።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሆኑ ክፉኛ ፈትኖኛል። የኢኮኖሚክስ መምህራችን ስለ ኢላስቲሲቲ፣ ማለትም ዋጋ ሲለወጥ ሽያጭ ምን ያህል እንደሚለወጥ፣ ሲያስረዱ ቃሉን ጻፍኩት እንጂ አልገባኝም። በዚያው ወር ስኳርና ከሰል ተወደደና የአንድ ሲኒ ቡና ዋጋ ከ10 ብር ወደ 15 ብር ከፍ አደረግኩ። ደንበኛ ይሸሻል ብዬ ፈርቼ በየቀኑ ሲኒ ቆጠርኩ። ቀድሞ 90 ሲኒ እሸጥ ነበር፤ 75 ሆነ። ከሰሉን እያራገብኩ አሰላሁት። ዋጋው በ50 ከመቶ ሲጨምር ሽያጩ የቀነሰው በ17 ከመቶ ገደማ ነው፤ ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ሳካፍለው 0.33 መጣ። ከአንድ በታች ነው፤ ሽያጩ የቀነሰው ዋጋው ከጨመረው ባነሰ መጠን ነው ማለት ነው! የቀኑ ገቢ ደግሞ ከ900 ብር ወደ 1,125 ብር አድጓል። መጽሐፉ ስለ እኔ ረከቦት ያወራ ጀመር። ያን ጠዋት ጀበናው እስኪገነፍል ድረስ ቀና አላልኩም። ፍላጎት ቀድሞ መጥቶ ሰውን ወደ ሥራ የሚወስደው ይመስለኝ ነበር፤ የእኔ ግን ከተቀመጥኩ በኋላ ነው የመጣው።

ሌላው በጥናቴ ያጸናኝ ዕቁብ ነው። ዕቁብ የጣለ ሰው ያውቀዋል፤ ሰብሳቢው ሲመጣ «ዛሬ መጣል ያሰኝሻል?» ብሎ አይጠይቅም። ዕጣ የወጣለት ሰው ስለሚጠብቅ ይጣላል። እኛም አራት ሆነን የጥናት ዕቁብ ጀመርን፤ ሆቴል ውስጥ አልጋ የምታነጥፍ፣ ጉሊት የምትሸጥ፣ የ54 ዓመት የጥበቃ ሠራተኛ የሆኑ ጋሼና እኔ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጥሩ ጥግ እንገናኛለን። እያንዳንዳችን በሳምንቱ የሠራነውን አንድ ጥያቄ እንጥላለን፤ ዕጣ የወጣለት የሚቀጥለውን ምዕራፍ አጥንቶ ያስተምረናል። አንድ እሑድ ባዶ እጄን ሄድኩ። ጋሼ እስክሪብቷቸውን ከኪሳቸው አውጥተው «ልጄ፣ የጎደለሽን እዚሁ ጣይ» አሉኝ። ሦስቱም ዝም ብለው ጠበቁኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ሆነ። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ባዶ እጄን ሄጄ አላውቅም።

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ፣ ፈተናው ወራት ሲቀሩት፣ ዶሮ ማነቂያ ለልማት ፈረሰ። ተከራይቼ የምሠራባት ክፍልም አብራ ሄደች። ረከቦቴን ይዤ ወደ አራት ኪሎ ተሻገርኩ። ድሮ ከሰዓት በኋላ ገበያ ሲቀዘቅዝ በጓዳ በኩል ሁለት ሰዓት አነብ ነበር፤ አዲሱ ቦታ ላይ ያ ሰዓት ዋናው የገበያ ሰዓት ሆነ። ንባቡ ቆመ። ለሳምንታት ሰንፌአለሁ ብዬ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ። የማለዳው ሃያ ደቂቃ ግን አንድም ቀን አልተቋረጠም ነበር። ይህን ሳስተውል የከሰዓት በኋላውን ንባብ ያቆየችው ያቺ ጓዳ እንጂ ጥንካሬዬ እንዳልነበረ ገባኝ፤ መወቃቀሱን ትቼ ሌላ ጓዳ ፈለግኩ። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቅርቤ ነው። ልብሴ ከሰል ከሰል ስለሚሸት መግባቱን አፍሬ ነበር። ዕቃዬን ጎረቤት ሱቅ አስቀምጬ፣ ነጠላዬን ቀይሬ፣ ወደ ማታ ትምህርቴ ከመሄዴ በፊት ለአንድ ሰዓት መግባት ጀመርኩ። ዞሮ ያየኝ ሰው አልነበረም።

ዘግይቶ ነበር፤ ፈተናውን አላለፍኩም። 46 ከመቶ። ሁለት ወር ደብተር አልገለጥኩም፤ ማለዳ ዓይኔን እሳቱ ላይ ተክዬ ዝም ብዬ አራግብ ነበር። ስለዚያ ጊዜ ብዙ ማለት አልችልም። ያወጡኝ ጉሊት የምትሸጠው ጓደኛዬና ጋሼ ናቸው። አንድ ቅዳሜ መጥተው ቡና ጠጡ፤ ስለ ውጤት አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሊሄዱ ሲነሡ ጋሼ የታጠፈች ወረቀት ረከቦቱ ላይ አኖሩ። የእኔ ስም የተጻፈባት ዕጣ ነበረች። እሑድ ሄጄ አስተማርኩ።

በ2017 ዓ.ም. በግል ተመዝግቤ እንደገና ተፈተንኩ። ውጤቱ ሲለቀቅ ልጄ ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣ። 53። ጋሼ 48 አምጥተው ነበርና ስደውልላቸው ምን እንደምላቸው ጨነቀኝ። እልል ብለው መረቁኝ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሑድ የማን ዕጣ ነው?» አሉኝ።