ግልባጭ ለቆሎ

ቅዳሜ ዕለት ፒያሳ ቆሎ ገዛሁ። ልጁ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። እየቆረጠምኩ ወደ ፋሲል ግቢ ስወርድ ወረቀቱን ገለጥ ባደርገው የኛው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ! ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ከግርጌው "ግልባጭ" ብሎ ስድስት ቦታ ይዘረዝራል፤ ከስድስቱ አራቱ እኛው ኮሪደር ላይ ናቸው፣ በር አንኳኩቼ ብነግራቸው ያልቅ ነበር እኮ።

እውነቱን እናውራ ካልን ግልባጭ የሚላከው ሰው እንዲያነበው አይደለም። ነገ "አልሰማሁም" እንዳይል ነው። ለዚህ ነው ማንም ደፍሮ የማይቀንሰው። ያውም በአንድ ገጽ ብቻ ይታተማል፤ ጀርባው ነጭ እንደሆነ ፋይል ውስጥ ይከርማል፣ ዕድል ከቀናውም ቆሎ ይጠቀለልበታል።

ስብሰባ ሲኖር ደግሞ ሃይላንድ በሰው ቁጥር ይደረደራል። ግማሹ ሳይጠጣ ይቀራል። ደግነቱ ጽዳት የምትሠራልን እትዬ ውሃውን ለአበባው ታደርገዋለች፣ ባዶውን ለቆራሌ ትሸጣለች። ከሁላችንም የተሻለ የምትሠራው እሷ ናት።

እኔን የሚያበግነኝ ጓሮ የሚቃጠለው ነው። ፌስታል፣ የስክሪብቶ ቀፎ፣ ያለቀ ቶነር፣ ሁሉም አንድ ላይ ይነዳል፤ የላስቲክ ጭስ መርዝ ነው፣ እሱ ደግሞ በመስኮት ተመልሶ የሚመጣው እኛው ላይ። (ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ጸድቋል። ምሳችን ግን ዛሬም በፌስታል ነው የሚመጣው።) ጥበቃውን "ጋሼ፣ ላስቲኩን እንኳ ለይተው ቢያስቀምጡት" አልኳቸው።

"ለይቼ የት ላድርሰው ልጄ? ቆሻሻ የሚያነሱት ልጆች አንድ ቀን ቢመጡ አንድ ቀን ይቀራሉ። ካላቃጠልኩት ዝናቡ ጠርጎ ቀሃ ይከተዋል።"

መልስ አጣሁ። ቀሃ ማለት ለጥምቀት የፋሲልን መዋኛ የምንሞላበት ውሃ ነው፤ ቁልቁል ሲወርድም መገጭ ይገባል፣ መገጭ ደግሞ ጣና። ጥፋቱ የጋሼ አይደለም፤ እሳቸው ጋ የሚደርሰውን ቆሻሻ የምናመርተው እኛ ነን።

እና ሰኞ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ኮሪደራችን ውስጥ ላለን አንድ ቅጂ ይበቃናል፣ እየዞረ እንፈርምበት፤ ሌላው በቴሌግራም ይሂድ፤ ወረቀት በሁለቱም ገጽ ይታተም፤ ለስብሰባም ጆግና ብርጭቆ ይቅረብ አልኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ግሩም ሐሳብ ነው" አሉ። "በደብዳቤ አቅርበው። ለፋይናንስና ለግዥ ግልባጭ ማድረግ እንዳትረሳ።"